ኦኔሲሞስ ነሲብ

ኦኔሲሞስ በኢሉባቦር ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ሒካ ነበረ፤ ይህም በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ እርሱንም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት። ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. ሙንዚንገር የሚባል ሰው አርነት አወጣውና ለስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው።

ወደ ስዊድንም ተልኮ 5 ዓመት ተማረ። በተመለሰም ጊዜ ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። ቤትና ትዳር ነበረው፤ አሳቡ ግን ወደ ትውልድ አገሩ ነበረ። በሱዳን በኩል ሄደ፥ መንገድ ተዘጋበት፤ በሸዋ በኩልም ሄደ፥ ማለፍ ተከለከለ። እግሩ ቢከለከል መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ይተረጕም ጀመር። ነገር ግን ከአገሩ የወጣ በልጅነቱ ነውና ብዙ ቃል ጐደለው። ያን ጊዜ አስቴር ጋኖ ረዳችው፤ እርስዋም ከባርነት የወጣች፥ በዕድሜም የምታንሰው ነበረች። ቃላትን፥ ተረትንና ዘፈንን ሰበሰበችለት፤ እርሱም የጐደለውን ከእርስዋ ተማረ። መጽሐፉ በ1899 ታተመ።

በ1904 ወለጋ ሲገባ ዕድሜው ወደ 50 ቀርቦ ነበረ። በነቀምቴም በሕፃንነቱ በተወሰደበት ቋንቋ ልጆችን እያስተማረ አረጀ፤ በ1931 በዚያው ዐረፈ።