አባ ሙሴ ጸሊም፤ ኃጢአቱን ያልሸሸገ ወንበዴ

በኢየሩሳሌም ወደ ጎልጎታ የሚወጣ ተሳላሚ ሁሉ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ሳያስብ አያልፍም። ያ ወንበዴ በሕይወቱ የመጨረሻ ሰዓት በደሉን አምኖ ገነትን ወረሰ። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የተነሣው አባ ሙሴ ጸሊም ደግሞ እንደ እርሱ ወንበዴ ሳለ ተጠርቶ፥ ንስሐውን በአንድ ሰዓት ሳይሆን በረጅም ዘመን ፈጸመ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን መታሰቢያውን ታደርጋለች።

ሙሴ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፥ በመልኩ ጥቁር፥ በአካሉ ግዙፍና ብርቱ ነበረ። በግብፅ የአንድ ሹም አገልጋይ ሆኖ ሲኖር በሌብነቱና በክፉ ጠባዩ ምክንያት ጌታው አባረረው። ከዚያ በኋላ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። የመነኮሳትን ዜና የጻፈው ጳላድዮስ እንደሚተርከው፥ ሙሴ በአንድ ሌሊት ያሰበውን ዝርፊያ የእረኛ ውሻ ጮኾ ቢያሰናክልበት፥ እረኛውን ሊገድል ልብሱን በራሱ ላይ አድርጎ፥ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፥ የሞላውን የዓባይን ወንዝ በዋና ተሻገረ። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቢያመልጠው፥ ከመንጋው የተመረጡ አራት አውራ በጎች አርዶ በገመድ እያሰረ እንደ ገና በዋና ተመለሰ።

ዜና ቅዱሳን እንደሚናገረው፥ ይህ ሰው ፀሐይን ያመልክ ነበር፤ ልቡ ግን እውነተኛውን አምላክ ይሻ ነበር። የአስቄጥስ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቁታል ሲባል ሰምቶ፥ ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደ ገዳሙ ሄደ። ቄሱ አባ ኤስድሮስ ባየው ጊዜ ደነገጠ፤ የመጣበትን ምክንያት በሰማ ጊዜ ግን ተቀበለው፥ ወደ አባ መቃርስም አደረሰው።

ሙሴም በቤተ ክርስቲያን በአባቶች ፊት ወድቆ የሠራውን ክፋት አንድ በአንድ ተናዘዘ። በዚያች ሰዓት አባ መቃርስ፥ መልአክ በጥቁር ጽሕፈት የተሞላ ሰሌዳ ይዞ ሲቆም፥ ሙሴ አንዱን ኃጢአት በተናገረ ቍጥርም ጽሕፈቱን ሲደመስሰው፥ በመጨረሻም ሰሌዳው ሁለንተናው ነጭ ሲሆን አየ ተብሎ ይተረካል። ስለዚህ በኃፍረት የተሸሸገ ኃጢአት በሰሌዳው እንደ ተጻፈ ይኖራል፤ በኑዛዜ የተገለጠው ግን ይደመሰሳል።

ይሁን እንጂ ሥርየትን ያገኘ ሰው ከክፉ ልማዱ በአንድ ቀን አይላቀቅም። የቀድሞ ፍትወቱ ሙሴን እጅግ አስጨነቀው። እርሱ ግን ፈተናውን ለብቻው አልያዘም፤ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ነገረው። አረጋዊውም ወደ ሰገነት አውጥቶ በምዕራብ የሚዋጉትን አጋንንት፥ በምሥራቅም የሚረዱትን መላእክት አሳየው፤ ረዳቶቹም እንዲበዙ አስገነዘበው። ከዚህ በኋላ ሙሴ ስድስት ዓመት ሌሊቱን ሁሉ ቆሞ ይጸልይ ጀመር። በሌሊትም ወደ አረጋውያኑ በኣት እየዞረ፥ እነርሱ ሳያውቁ እንስራቸውን ከሩቅ ጕድጓድ በተቀዳ ውኃ ይሞላላቸው ነበር። ሰውን ያስለቅስ የነበረው ጕልበት ደካሞችን ማገልገያ ሆነ።

የንስሐው ፍሬ ከሁሉ ይልቅ የታየው በሌላው ሰው በደል ላይ ነው። ከወንድሞች አንዱ ቢበድል አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴ ተጠርቶ እንቢ አለ፤ ዳግመኛ ቢላክበት ግን የሚያፈስስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፥ የገዛ ኃጢአቱ በስተኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በወንድሙ ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት። የራሱን በደል በአፉ የተናገረ ሰው የወንድሙን በደል ለማጋለጥ አይቸኩልም።

ሙሴ ማዕረገ ቅስና ተቀብሎ ለብዙዎች አባት ሆነ፤ ጳላድዮስ ሰባ ደቀ መዛሙርት እንደ ተዋለት ጽፏል። በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ405 ዓ.ም. ገደማ፥ በርበሮች ገዳሙን ሊወርሩ በመጡ ጊዜ ወንድሞችን እንዲሸሹ መከራቸው። እርሱ ግን ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረውን እያሰበ፥ ያችን ቀን ብዙ ዘመን ሲጠብቃት መኖሩን ነግሯቸው በስፍራው ቀረ። ያልተለዩት ወንድሞችም ከእርሱ ጋራ ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ ከሰሌን በስተኋላ ተሸሽጎ ሳለ አክሊል የያዘ መልአክ አይቶ፥ ወጥቶ ከወንድሞቹ ጋራ ሰማዕት ሆነ ይባላል። የአባ ሙሴ ቅዱስ አፅም በአስቄጥስ በበርሞስ ገዳም ይገኛል።

እንግዲህ ከሩቅ አገር ደክሞ ቅዱሳት መካናትን የሚሳለም ምእመን፥ ሸክሙን ይዞት እንዳይመለስ ወደ ንስሐ አባቱ ይቅረብ። ሙሴ ሰይፉን ታጥቆ ሳለ ያልተጣለ ከሆነ፥ በእንባ የሚመጣ ማን ይጣላል?

የጸሎቱ ረድኤት በረከቱም ከአንባብያን ሁሉ ጋራ ይኑር፤ አሜን።