ካሜራ ይዞ ወደ ኮረም የወጣው ሰው

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕይወት ታሪኩን ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ሰው የራያ ተወላጅ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊም አልነበረም። ነገር ግን የአያቶቻችንን መከራ ለዓለም ያሳየ እርሱ ስለሆነ፣ እኛ የቆቦ ተማሪዎች ስሙን ሳናውቅ ብንቀር ደግ አይመስለኝም። ይህ ሰው መሐመድ አሚን ይባላል።

መሐመድ አሚን በነሐሴ ወር 1935 ዓ.ም. በኬንያ ከተማ በናይሮቢ ተወለደ። ያደገው ግን በዳሬሰላም ነው። ገና ልጅ ሳለ ቦክስ ብራውኒ የምትባል ያገለገለች ካሜራ ገዛ። ካሜራዋ ለአያያዝ ቀላል ብትሆንም፣ በአንድ ጥቅል ፊልም የምታነሣው ስምንት ፎቶግራፍ ያህል ብቻ ነበር። ፊልሙም በጨለማ ክፍል ታጥቦ እስኪወጣ መታገሥ ያሻል። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በሥራው ምክንያት በዛንዚባር ቢታሰርም ሙያውን አልተወም።

በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር፣ በወሎና በትግራይ ድርቁና ጦርነቱ ሕዝቡን ይፈጀው ነበር። የራያ ቆላ ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ እህል ፍለጋ ዳገቱን ወደ ኮረም ወጣ። በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር መቀሌና ኮረም ደርሶ ያየውን ሁሉ ቀረፀ። ካሴቱ በአውሮፕላን ለንደን ደርሶ ጥቅምት 13 ቀን በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያም በልዩ ልዩ አገር ከ400 የሚበልጡ ጣቢያዎች አሳዩት። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት ተደርጎ ለረሀቡ ገንዘብ ተሰበሰበ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ መሐመድ አሚን አንድ ክንዱን አጣ። እርሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈች።

እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ዓለም የኮረምን ሰዎች መልክ ሲያይ፣ እነርሱ የራሳቸውን ምስል የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። አያቴ በዚያ ክፉ ቀን ያጣቻቸውን ሁለት ልጆች በስም ትጠራለች፤ መልካቸውን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ግን የላትም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ቦክስ ብራውኒን በሠራው በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ በ1968 ዓ.ም. ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ተሠራ። ያ ካሜራ አንዱን ፎቶግራፍ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። አሁን ይኸው ዲጂታል የተባለው ዘዴ በእጅ ስልካችን ውስጥ ይገኛል። ፊልም መግዛትና ማሳጠብ ቀርቷል፤ የተበላሸው ወዲያው ታይቶ እንደገና ይነሣል፤ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ላለ ዘመድም በደቂቃ ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ በራያ ማሽላ ላይ ሲወርድ ጥፋቱን በስልኩ ያነሣው የአገሩ ሰው ራሱ ነው፤ ከናይሮቢ የሚመጣ ካሜራ አልጠበቀም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ መከራውን ብቻ ሳይሆን ሠርጉንና አዝመራውንም፣ ሽማግሌዎቻችንንም ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናንሣ። ስልክ ይሰበራል፤ ይጠፋልም። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን በወረቀት አሳትመን፣ ከጀርባቸው ስምና ቀን ጽፈን እናስቀምጥ።