የተዘጋው ፖስታ ቤትና ወይዘሮ ሚኒ ኮክስ

በአሜሪካ አገር የፖስታ ቤት ሕንጻ በሰው ስም እንዲጠራ ሲታሰብ ነገሩ በማዘጋጃ ቤት አያልቅም። ለኮንግረስ ቀርቦ በሁለቱ ምክር ቤቶች ከጸደቀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ሲፈርሙበት ሕግ ይሆናል። ሕጉም አጭር ነው፤ የሕንጻውን አድራሻና አዲሱን ስም ይናገራል፥ በሕግ፥ በካርታና በመዝገብም ሁሉ በዚሁ ስም እንደ ተጠራ ይቆጠር ይላል። ስሙ የተሰጠው ሰው ምን እንደ ሠራ ግን አይገልጽም። እንዲህ ያሉ ሕጎች በመቶ የሚቆጠሩ ስለ ሆኑ እኛም እንደ ቀላል ነገር እናያቸው ነበር፤ በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ለምትገኘው ለኢንዲያኖላ ከተማ በ2008 የወጣውን እስክናገኝ ድረስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ሚኒ ኮክስ በ1869 በዚያው ክፍለ ግዛት በሌክሲንግተን ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ሲሆኑ ምግብ ቤት ከፍተው ይተዳደሩ ነበር። ልጃቸውንም በናሽቪል ወደሚገኘው ወደ ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ላኳቸው። ወይዘሮ ሚኒ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ አስተማሪ ሆኑ፤ በ1889ም የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩትን አቶ ዌይን ኮክስን አገቡ።

በ1891 ፕሬዚዳንት ሃሪሰን የኢንዲያኖላ ፖስታ ቤት ሹም አደረጓቸው። ሌላው ፓርቲ ሥልጣን በያዘ ጊዜ ሹመቱ ቢቋረጥም በ1897 ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ መለሱላቸው። ሥራቸውን የነቀፈ አልነበረም። ሕዝቡ ደብዳቤ መምጣቱን ከቤቱ ሆኖ እንዲጠይቅ ብለው በገዛ ገንዘባቸው ቴሌፎን አስገቡ። የሳጥን ኪራይ ያልከፈለ ደንበኛ ሲኖርም ከኪሳቸው ይከፍሉለት ነበር። ይህን ስናነብ በመጀመሪያ ደግነት ብቻ መሰለን፤ ነገር ግን በዚያ አገርና በዚያ ዘመን አንዲት ጥቁር ሴት ነጩን ደንበኛ ዕዳህን ክፈል ብላ ለመጠየቅ ምን ያህል ትቸገር እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል።

በ1902 ጄምስ ቫርዳማን የተባለ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ፥ ነጮች በጥቁር ሴት እጅ ደብዳቤ መቀበላቸው ውርደት ነው እያለ ሕዝቡን ያነሣሣ ጀመር። የከተማው ነጮችም ተሰብስበው ወይዘሮ ሚኒ ሥራቸውን እንዲለቁ ጠየቁ፤ ማስፈራራቱም በረታ። የከተማው ሹማምንት ጥበቃ ሊሰጧቸው አልወደዱም። እሳቸውም ደም እንዳይፈስ ሠግተው ከጥር 1 ቀን 1903 ጀምሮ ሥራቸውን እንደሚለቁ በጽሑፍ አስታወቁ።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ግን ስንብቱን አልቀበልም አሉ። የሾሙት መንግሥት ያላሻረውን ሹም አድማ ሊሽረው አይገባም በማለት በጥር 2 ቀን ፖስታ ቤቱን ዘጉት። የኢንዲያኖላ ደብዳቤ ወደ ግሪንቪል እንዲሄድ ተደረገ፤ የወይዘሮ ሚኒም ደመወዝ ሳይቋረጥ ይከፈላቸው ጀመር። ነገሩ በየጋዜጣው ተጻፈ፥ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም ክርክር ተነሣበት።

ሆኖም ፕሬዚዳንቱ ሹመቱን እንጂ ሹሟን መጠበቅ አልቻሉም ብንል ስሕተት አይመስለንም። ወይዘሮ ሚኒ በዚያው በጥር ወር ከተማውን ለቀው ወደ በርሚንግሃም ሄዱ። ቫርዳማን በዚያው ዓመት ተመርጦ የሚሲሲፒ አገረ ገዥ ሆነ። በ1904 የወይዘሮ ሚኒ የሹመት ዘመን ሲያልቅ ድጋሚ መሾምን አልፈለጉም፤ ፖስታ ቤቱም በሌላ ሹም ተከፈተ።

ባልና ሚስቱ ግን ወደ ኢንዲያኖላ ተመለሱ። የተመለሱትም አንገታቸውን ደፍተው ለመኖር አልነበረም፤ ዴልታ ፔኒ ሴቪንግስ የተባለውን ባንክ አቋቋሙ፥ ቆይተውም በኢንሹራንስ ሥራ ገቡ። ባንኩ በክፍለ ግዛቱ ጥቁሮች ካቋቋሟቸው ባንኮች ከታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቃ። አቶ ዌይን በ1916፥ ወይዘሮ ሚኒ በ1933 ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ 75 ዓመት አልፎ ሕጉ ወጣ። በኢንዲያኖላ በምዕራብ ፐርሲ ጎዳና ቁጥር 100 ያለው ሕንጻ የሚኒ ኮክስ ፖስታ ቤት ይባላል፤ ደብዳቤም በዚያ ይታደላል።