ሰውን ለመለካት የደከመው ፍራንሲስ ጋልተን

የሰው ጠባይ ከፊቱ ይነበባል የሚለው እምነት በየአገሩ የቆየ ነው። ሠራተኛ የሚቀጥርም ሆነ ኃላፊ የሚሾም ሁሉ ይነስም ይብዛ ይጠቀምበታል። ይህን እምነት በመሣሪያና በቁጥር ለመፈተን ከተነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነበር።

ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1822 በበርሚንግሃም አጠገብ ተወለደ። ከቻርልስ ዳርዊን ጋር በአያት ይገናኛል። ሕክምና ጀምሮ ተወ፤ በካምብሪጅ ሒሳብ አጠና፤ በ1844 አባቱ ሲሞት የወረሰው ሀብት ደግሞ ለደመወዝ ከመሥራት ገላገለው። በ1850 ዛሬ ናሚቢያ ወደምትባለው አገር ተጉዞ ባደረገው የአሰሳ ሥራ ከእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ ያልለካው ነገር ጥቂት ነው።

በ1870ዎቹ መጨረሻ የወንጀለኛን መልክ ለይቶ ለማወቅ ተነሣ። ከእስር ቤቶች የበላይ ኃላፊ የተሰጡትን የእስረኞች ፎቶግራፎች በወንጀላቸው ዓይነት ከፋፈለ። ቀጥሎም የዓይኖቻቸውን ቦታ እያስተካከለ በአንድ የፎቶግራፍ ሳህን ላይ ደራረባቸው። ሳህኑ ሙሉ ምስል ለመያዝ 80 ሰከንድ ቢፈልግና ፎቶግራፎቹ ስምንት ቢሆኑ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ አኳኋን የግለሰቡ ልዩ ምልክት ይደበዝዛል፤ የሁሉም የጋራ የሆነው ይጎላል። ዘዴው ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ስሕተትን በአማካይ ማጣራት ነው። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ሆነ። ከድርቡ ምስል የወጣው ፊት ከእያንዳንዱ እስረኛ ይልቅ ያማረና ጨዋ የሚመስል ነበር። ክፋት ነው ተብሎ የታየው ሁሉ ከሳህኑ ላይ ጠፋ። ጋልተንም ይህንኑ ሳይደብቅ ጻፈ።

በጣት አሻራም ያጋጠመው ተመሳሳይ ነው። በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አሻራ ሰውን ከሰው ለመለየት አስተማማኝ መሆኑን በስሌት አሳየ። ሆኖም በአሻራው ውስጥ የዘርና የጠባይ ምልክት ቢፈልግ አላገኘም።

በ1884 ባቀረበው ጽሑፍ ጠባይን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት ለቅሞ አንድ ሺህ ያህል ቆጠረ። በዚያው ጽሑፍ የሚዋደዱ ሰዎች ማዕድ ላይ ወደ እርስ በርሳቸው ዘንበል ስለሚሉ፣ በወንበር እግር ሥር የግፊት መለኪያ ቢቀመጥ ፍቅራቸው በቁጥር ይታወቃል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያስቃል፤ ቢሆንም ከፊት ንባብ ይሻላል፤ መሣሪያው ቢያንስ ሰውዬውን አስቀድሞ አይጠላውም።

በዚያው ዓመት በለንደን በተከፈተ ኤግዚቢሽን ሦስት ሦስት ፔኒ እያስከፈለ የ9,337 ሰዎችን ቁመት፣ የትንፋሽ መጠን፣ የጡጫ ኃይልና የዓይን ጥራት መዘገበ። የስሜት ሕዋሳት ንቃት የአእምሮን ብቃት ያመለክታል የሚል ግምት ነበረው። በ1888 የሁለት ነገሮችን ዝምድና በቁጥር የሚያሳየውን ስሌት አስተዋወቀ። በ1901 ክላርክ ዊስለር የተባለ አሜሪካዊ በዚሁ ስሌት ዓይነት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መሰል ልኬቶች ከትምህርት ውጤታቸው ጋር ቢያነጻጽር ዝምድናው ከዜሮ እምብዛም የራቀ አልሆነም።

ከሁሉ የከፋው ጋልተን ምንም ሳይለካ የፈረደው ፍርድ ነው። በ1869 ስለ አእምሮ ውርስ በጻፈው መጽሐፍ ጥቁር ሕዝቦችን ከእንግሊዛውያን በሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ መደበ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ነጭ ተጓዦች ከጥቁር አለቆች ጋር ሲገናኙ አደረባቸው የተባለው ስሜት ነበር። ለሚዛን ያህል እንኳ ተጓዦቹን የአለቆቹ ዓይን እንዴት እንደ መዘናቸው አልጠየቀም። በ1883 ዩጀኒክስ የሚል ስም ያወጣለት የሰው ዘር ማሻሻያ ትምህርት በ1907 በአሜሪካ የኢንዲያና ክፍለ ሀገር፣ በ1933 ደግሞ በናዚ ጀርመን፣ ሰዎችን በግዴታ ለማምከን የወጡት ሕጎች መሠረት ሆነ።

በዚያው በ1907 በፕሊመዝ የከብት ትርኢት ላይ የአንድ በሬ የታረደ ሥጋ ክብደት እንዲገመት የተደረገውን ውድድር መረመረ። ከ787 ግምቶች መካከል የመካከለኛው 1,207 ፓውንድ ሲሆን እውነተኛው ክብደት 1,198 ነበር። በተወዳዳሪዎቹ መካከል ሥጋ ሻጮችና ገበሬዎች ነበሩ፤ እነርሱም የገመቱትን ሚዛን ላይ ሲያዩት የኖሩ ናቸው።

ጋልተን በ1911 ልጅ ሳይተካ ሞተ። ሀብቱ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዩጀኒክስ ፕሮፌሰርነት እንዲቋቋምበት ተናዘዘ። ኮሌጁ በስሙ የሰየመውን የትምህርት አዳራሽ በ2020 ስሙን ለወጠ።