ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሩጫ

ምእመናን ሆይ፤ በማለዳ ከባምቢስ ወደ መስቀል አደባባይ ለሩጫ የሚወርዱ ልጆቻችን የአበበ ቢቂላን ስም ያውቃሉ። በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት 40 ቀን ሳይሞላው በቶኪዮ ድል አደረገ። ዓለም አብዝቶ የሚያወራው ይህን ነው። እኔ ግን የኋለኛውን ዘመኑን አስበልጣለሁ።

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሐዋርያው ጳውሎስ የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ ሲመስል ለእግረ ጤናማ ብቻ አለመናገሩ በዚህ ሰው ይታያል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቀስት ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች እሽቅድምድም 1ኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐርፎ በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ።