ከጊዜ በፊት ስንት ጊዜ ነበር? ኢማም አል-ገዛሊ እና 488 ዓመተ ሒጅራ

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆች አንዳንዴ ዓለም ከመፈጠሩ በፊት ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይጠይቁናል። የልጅ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ታላላቅ ዑለማዎችን ያከራከረ ነው።

ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ450 ዓመተ ሒጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በኹራሳን፣ ጡስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ። በኒሻፑር ከአል-ጁወይኒ ዘንድ ቀሩ። በ484 ዓመተ ሒጅራ ወዚሩ ኒዛሙል ሙልክ በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ አድርገው ሾሟቸው። ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ 300 ያህል ደረሳዎች ነበሯቸው።

እንደ ኢብን ሲና ያሉ ፈላስፎች ዓለም ጅማሬ የለውም ይሉ ነበር። ዓለም ከጊዜ በኋላ ከተፈጠረ ከእርሱ በፊት ባዶ ጊዜ ሊኖር ነው፤ ጊዜ ካለ ደግሞ እንቅስቃሴ አለ፤ እንቅስቃሴ ካለ የሚንቀሳቀስ አካል አለ የሚል ነበር ክርክራቸው። ኢማሙ በ488 መጀመሪያ በጨረሱት «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» መለሱላቸው። ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው፤ ከዓለም ጋር አብሮ ተፈጠረ። እናንተው ዓለም ወሰን አለው፣ ከወሰኑ ውጭ ባዶ ቦታም ሆነ የተሞላ ቦታ የለም ትላላችሁ። ሐሳባችን ግን ከጠርዙ ባሻገር ሌላ ቦታ ካልሣለ አያርፍም። ይህን የሐሳብ ስሕተት ካላችሁት፣ ከመጀመሪያው ቅጽበት በፊት ሌላ ጊዜ መሣሉም ያው ስሕተት ነው አሏቸው። ስለዚህ ቦታና ቁስ ቀድመው ተቀምጠው ጊዜን አልጠበቁም፤ ጊዜም እነርሱን አልጠበቀም። ጅማሬ የሌለው አላህ ብቻ ነው።

ክርክሩን አሸነፉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በረጀብ ወር ሌላ ጥያቄ መጣባቸው፦ የማስተምረው ለማን ብዬ ነው? ዝናን ፈልገው እንደነበር ለራሳቸው አመኑ። ለስድስት ወር ያህል ልሂድ፣ ልቅር እያሉ ተወዛገቡ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ማስተማር ተሳናቸው፤ ምግብም እምቢ አላቸው። ሐኪሞች ሕመሙ ከቀልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ያኔ ወደ አላህ ተማጸኑ፤ መሄዱም ቀለለላቸው። ለልጆቻቸው የሚበቃ አስቀርተው ሀብታቸውን አከፋፈሉና ከባግዳድ ወጡ። በደማስቆና በቁድስ ተቀመጡ፤ ሐጅ አደረጉ። ወደ 11 ዓመት ከቆዩ በኋላ በኒሻፑር ወደ ማስተማር ተመለሱ። በ505 (1111 እ.ኤ.አ.) በትውልድ ከተማቸው ጡስ ወደ አኺራ ሄዱ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጊዜ ፍጡር ከሆነ፣ ጅማሬ እንዳለው ሁሉ ለእያንዳንዳችን የተቆረጠ ድርሻ አለው። ኢማሙ ይህን በብዕር ካስረዱ በኋላ በራሳቸው ዕድሜ ለመኖር ከወንበራቸው መነሳት ነበረባቸው። እኛስ የምናውቀውንና የምንኖረውን የሚለየው ምንድን ነው? ዛሬ ከዐስር በኋላ ባለችው ሰዓት ለብቻችን ተቀምጠን እንጠይቅ።

አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። አሚን።