ሊዮናርድ ኦይለርና የሽክርክሪት ሕግ

በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የኩሌ መጠለያ በ2006 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ለመጣው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ በቦቴ ይመላለስለት ነበር። ኋላ ግን በባሮ ወንዝ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በፓምፕ የሚሳብ ውሃ በቧንቧ ተዘረጋለት። በእንዲህ ያለ ፓምፕ ውስጥ የሚዞረው ባለክንፍ መንኮራኩር ለውሃው ምን ያህል ኃይል እንደሚያካፍል የሚሰላበትን ሕግ ያወጣው ሰው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ከመፈልሰፉ አስቀድሞ የሞተው ስዊዘርላንዳዊ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦይለር በ1707 በባዝል ከተማ ከአንድ የፕሮቴስታንት ቄስ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ስሙ የገነነውን የሒሳብ ሊቅ ዮሐን በርኑሊን አገኘ። በርኑሊ ጊዜ ስላጠረው ብላቴናውን በግል ለማስተማር ፈቃደኛ አልሆነም፤ ይልቁንም ከባድ ከባድ መጻሕፍትን እየመረጠ ለብቻው እንዲያነብና የከበደውን ብቻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ኦይለርም መምህሩን ላለማስቸገር ሲል የሚጠይቃቸውን ነገሮች ቁጥር ለመቀነስ ሳምንቱን ሙሉ ይለፋ ነበር። በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ማስጠኛ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

በ1727 በባዝል የፊዚክስ መምህርነት ለማግኘት ሞክሮ ስላልተሳካለት ወደ ሩሲያ፣ ወደ ፒተርስበርግ አካዳሚ አመራ። በ1736 ባለሁለት ቅጹን የሜካኒክስ መጽሐፉን አሳተመ። ኒውተን በ1687 በጂኦሜትሪ ሥዕል ያብራራውን የእንቅስቃሴ ትምህርት ኦይለር ወደ እኩልዮሽ ለወጠው፤ እኛም ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምንሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ነጥብ ብቻ ነበር። ነጥብ ደግሞ በራሱ ዛቢያ ላይ አይሽከረከርም። ወፍጮው፣ ጋሪው፣ የመርከቡ መናወጥ፣ የምድር ዙረት ሁሉ ገና ሕግ አልነበራቸውም።

በ1738 የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። በ1741 በፕሩሲያ ንጉሥ በፍሬድሪክ 2ኛ ጥሪ ወደ በርሊን ተሻገረ፤ በዚያም 25 ዓመት ኖረ። ንጉሡ በሳንሱሲ ቤተ መንግሥቱ አትክልት ውስጥ ወደ ሰማይ የሚወረወር ፏፏቴ ተመኘ። ዕቅዱ የሃቭልን ወንዝ ውሃ በነፋስ ወፍጮ ኃይል ከኮረብታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ መግፋት ነበር። ሠሪዎቹ የዘረጓቸው የእንጨት ቧንቧዎች እየፈነዱ አስቸገሩ። ኦይለር ነገሩን እንዲመረምር ታዘዘ፤ ፓምፑ ውሃውን ሲገፋ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት ውሃው ቆሞ ሳለ ካለው እንደሚበልጥ አስልቶ አሳየ፤ እንጨት እንደማይችለውና ጥንካሬው በሙከራ የተረጋገጠ የእርሳስ ቧንቧ እንደሚያስፈልግ አስጠነቀቀ። ምክሩ ግን ወጪ ያስከትላልና በሥራ ላይ አልዋለም። ፏፏቴው ሳይሳካ ቀረ፤ ንጉሡም ከዓመታት በኋላ በሒሳብ ሊቁ ላይ አሾፈ፤ የሊቁ ሒሳብ ለተግባር አይረባም የሚለው ወሬም ከዚያ ወዲህ እየተወረሰ መጣ። ይህ ለሙያችን ሰው እንግዳ ታሪክ አይደለም። በ1842 በእንፋሎት ሞተር የሚሠራ ፓምፕ ሲተከል ፏፏቴው በመጨረሻ ተወረወረ።

በዚያው በበርሊን ዘመን ኦይለር ዋናውን ነገር አገኘ። በ1750 ለአካዳሚው ባቀረበው ጽሑፍ የኒውተን ሕግ ለእያንዳንዷ የአካል ቅንጣት በሦስቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ገለጸ፤ ቅንጣቶቹን ደምሮም የጠጣር አካልን ሽክርክሪት እኩልዮሽ አወጣ። ጥቂት ቆይቶ በውሃ ለሚዞሩ መንኮራኩሮች ይህንኑ አሳብ ተጠቀመበት፤ በየሴኮንዱ የሚያልፈው ውሃ ሲገባና ሲወጣ ያለው የሽክርክሪት ሞመንተም ልዩነት የመጠምዘዙን ጉልበት ይወስናል። ይህ የተርባይን ሕግ ነው፤ ተገልብጦ ሲነበብ የፓምፕ ሕግ ይሆናል። በ1765 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ የተባለውን መለኪያ አበጀ።

በኩሌም ሆነ በአዲስ አበባ ፊዚክስ የሚማር ሁሉ አንድ ጊዜ የሚያጋጥመው ጥያቄ የዚህን መለኪያ ጥቅም ያሳያል። በጉድጓድ አፍ ላይ የተጋደመ፣ ያለ ሰበቃ የሚዞር 20 ኪሎ ግራም ድፍን ግንድ ላይ ገመድ ተጠቅልሏል፤ በገመዱ ጫፍ 10 ኪሎ ግራም የሆነ ባልዲ ተንጠልጥሏል። ባልዲው ቢለቀቅ በምን ሽምጠጣ ይወርዳል? ጀማሪው ገመዱ የሚስበው በባልዲው ክብደት ልክ ነው ብሎ ይነሣል። አስልቶ ሲጨርስም ባልዲው በነፃ እንደሚወድቅ ድንጋይ፣ በ9.8 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ይወርዳል ወደሚል ውጤት ይደርሳል። ገመዱ በሙሉ ክብደቱ ልክ ወደ ላይ እየሳበው ባልዲው ምንም እንዳልያዘው ሆኖ ይወድቃል ማለት ነው! ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በኦይለር መንገድ ለባልዲው የጉልበት እኩልዮሽ፣ ለግንዱ ደግሞ የመጠምዘዝ እኩልዮሽ ለየብቻ ተጽፈው በአንድነት ሲፈቱ ግን ሽምጠጣው 4.9፣ የገመዱ ውጥረትም 49 ኒውተን ይሆናል። ክብደቱ ሳይለወጥ ግንዱ ውስጡ ባዶ የሆነ ስስ ሲሊንደር ቢሆን ሽምጠጣው ወደ 3.3 ይወርዳል፤ መጠነ ቁሱ ከዛቢያው በራቀ ቁጥር ለማሽከርከር ያስቸግራልና። የግንዱ ውፍረት ስንት እንደሆነ አልተነገረም፤ ማወቅም አያስፈልግም።

በ1766 ኦይለር ወደ ፒተርስበርግ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ የግራ ዓይኑም ታወረ። በ1771 ቤቱ ተቃጠለ፤ እርሱንም የባዝል ተወላጅ የሆነ አንድ የእጅ ባለሙያ ከእሳቱ አወጣው። በ1773 የ13 ልጆቹ እናት ካታሪና ሞተች። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ በቃሉ እያሰላ ለልጁና ለረዳቶቹ ያጽፍ ነበር። በ1775፣ ከመጀመሪያው የሜካኒክስ መጽሐፉ 39 ዓመት በኋላ፣ የጉልበትንና የመጠምዘዝን ሕጎች ጎን ለጎን፣ ለማንኛውም አካል የሚሠሩ ሁለት መሠረቶች አድርጎ አስቀመጠ። ተማሪው ዛሬ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚቀበላቸው ሁለት መስመሮች እነዚህ ናቸው።

በመስከረም 1783 አንድ ቀን በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ስለነበረው የፊኛ በረራ አሰላ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለተገኘችው ስለ ዩራነስ ምሕዋርም ተነጋገረ። በዚያው ቀን ሞተ። አካዳሚው ያልታተሙ ጽሑፎቹን ለበርካታ አሥርት ዓመታት ማተሙን ቀጠለ።